መጥረጊያ ያሸተተው ካልሲ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ። ከሁሉ በፊት እንደምን ከርመዋል? እንቅልፉ እንዴት ነው? ስኳሩስ ወረደ ወይስ እንደ ልማዱ ከፍ ዝቅ እያለ ያስቸግራል? ዓይንዎስ? ይህን ደብዳቤ መቼም እህቴ እንደምታነብልዎ አውቃለሁ፤ አንቺስ እህቴ፣ ደኅና ነሽ ወይ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደኅና ነኝ።

ደኅና ነኝ አልኩ እንጂ የእህቴ ደብዳቤ ከደረሰኝ ወዲህ ሐሳብ ላይ ነኝ። ውሻችን ሰሞኑን የአባባን ግራ እግር ካልተከተልኩ ብሎ አስቸገረ፣ ካልሲያቸውን ሰርቆ ይሸሻል፣ በሳቅ ገደለን ብላ ነው የጻፈችልኝ። እኔም መጀመሪያ ሳቅሁ። ከዚያ ስልክ አነሳሁ። ስልካችሁ አይሠራም፤ ደውዬ ደውዬ አቃተኝ። ለምን እንደፈራሁ እንዲገባችሁ ስለዚህ ቤት ውሾች ልንገራችሁ።

እዚህ ሰው አገር የምሠራው ጡረታ የወጡ ጫማ ሰፊ ቤት ነው። ሰውየው እንደ እርስዎ ስኳር አለባቸው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እንደ እርስዎም ግትር ናቸው። ባሴት ሃውንድ የሚባሉ ሁለት ውሾች አሏቸው። ቢያዩዋቸው! እግራቸው አጭር፣ ገላቸው እንደ አግዳሚ ወንበር ረጅም። ወንዱን መጥረጊያ አልኩት፤ ጆሮው መሬት ለመሬት እየተጎተተ ቤቱን ስለሚጠርግልኝ። ሴቷን እመቤት አልኳት፤ ፊቷ ሁልጊዜ ለቅሶ ቤት የተቀመጠች ይመስላል፣ ከሶፋው ግን ንቅንቅ አትልም። ውኃ ሲጠጡ ጆሯቸው ሳህኑ ውስጥ ይነከራል፤ ራሳቸውን ሲያራግፉ ለሃጫቸው ጣሪያ ድረስ ይደርሳል። ኑ ሲሏቸው ይተኛሉ። አንድ ቀን መጥረጊያ አስፋልት መሀል ተዘርግቶ አልነሳም ብሎ መኪናው ሁሉ ቆመ፤ እኔና ፖስተኛው ተሸክመን አወጣነው። ወይ ክብደት! ወገቤን ሳምንት አሞኛል።

አፍንጫቸው ግን ቀልድ አያውቅም። አንድ ነገር ከሸተታቸው ቢጠሯቸው ቢቆጧቸው ጆሮ ዳባ ልበስ ነው።

ባለፈው ወር መጥረጊያ የሰውየውን ግራ እግር ያዘ። ድሮ ሁለቱም እግራቸው ላይ ተጋድሞ ያሞቃቸው ነበር፤ አሁን ግን ግራው ብቻ ሆነ። ያሸታል፣ ያለቅሳል፣ ካልሲውን በጥርሱ ጎትቶ ያወልቃል። ሰውየው የእግሬ ሽታ ናፍቆት ነው እያሉ ይስቃሉ፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ሞኟ ልጅዎ ሳሙና ቀየርኩ። ካልሲውን ሁለት ሁለት ጊዜ አጠብኩ። አልሆን ሲለኝ ውሻውን ጓዳ አስገብቼ በር ዘጋሁበት። አፍንጫውን በበሩ ሥር አሹልኮ ጮኸ፤ የእነዚህ ውሾች ድምፅ ደግሞ ከጉድጓድ የሚወጣ ነው የሚመስለው። ሦስት ቀን ሙሉ እንዲህ ሆነ። እመቤት እንኳ ከሶፋዋ ወርዳ ከበሩ ወዲህ ማዶ ተኛች። ያኔ ደንገጥ ብዬ እግርዎን ልየው አልኳቸው። አላመመኝም፣ ሥራሽን ሥሪ አሉኝ። እኔም እሺ ብዬ ተውኩ። አባባ፣ ያን እሺታዬን እስክሞት አልረሳውም።

በአራተኛው ቀን ካልሲውን ስዘፈዝፍ ውኃው ቀላ። ሮጬ እግራቸውን ባየው ከጫማው ተረከዝ የወጣ ሚስማር በስቶታል፤ ለካ ያን ተረከዝ የመቱት ራሳቸው ነበሩ። አንድ ጫማ ሲጨርሱ እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰደው በጣታቸው ይዳብሱታል፤ ጣታቸውን የወጋው ነገር ከሌለ ጫማው አለቀ ነው፣ ሌላ ሰው ይየው ቢባሉ ይቆጣሉ። ዕድሜ ልካቸውን እንዲህ ነው የሠሩት። ስኳሩ ጣታቸውንም እንዳደነዘዘው ግን አላወቁም ነበር። በየእርምጃቸው ሚስማር እየረገጡ ነው የከረሙት፣ ምንም ሳይሰማቸው። ሐኪሙ ከሦስት ቀን በፊት መጥታችሁ ቢሆን ኖሮ እግሩ ይተርፍ ነበር አለ። ከጉልበታቸው በታች ቆረጡት። አሁን በተሽከርካሪ ወንበር ተመልሰዋል። መጥረጊያ ግራ እግራቸው የነበረበት ቦታ ላይ ተኝቶ ይውላል፤ ካልሲ ግን አይሰርቅም።

እህቴ፣ እዚህ ላይ ማንበብሽን አቁሚ። ደብዳቤውን አስቀምጪ። አባባን ብርሃን ወዳለበት አምጪና ግራ ጫማቸውን አውልቂ፣ ካልሲውንም። ተረከዙን፣ ውስጥ እግሩን፣ የጣቶቹን መሀል እይ። ጫማውንም አገላብጪው። ይቆጣሉ፤ ይቆጡ። አላመመኝም ይላሉ፤ እኔ የምፈራው አለማመሙን ነው። የጤፍ ፍሬ የምታህል ቁስል ብታዪ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ውሰጃቸው። አባባ፣ ያ እግር ሠላሳ ዓመት የአውቶቡስ ፍሪሲዮን፣ ያን የግራ እግር መርገጫ፣ ረግጦ ያሳደገን ነው። እባክዎን እሺ ይበሏት፤ አይከልክሏት።

አይተሽ ከሆነ ቀሪውን አንብቢ። እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ይህን ነገር ግን ቀስ ብለሽ ንገሪያት። ታላቅ ወንድሜን፣ ሚስቱንና መንትዮቹን በያሉበት ሰላም በይልኝ። አክስቴንም፣ ሳቋ ናፍቆኛል በያት። ለውሻችንም ሰላምታዬን አድርሱልኝ፤ ከእንግዲህ ካልሲ ሰረቀ ብሎ የሚመታው እንዳይኖር። የእህቴ ደብዳቤ እኔ ዘንድ ለመድረስ አሥራ አንድ ቀን ፈጅቷል፤ የእኔም እናንተ ዘንድ ለመድረስ ያንኑ ያህል ይፈጃል። ሰውየው እግራቸውን ያጡት በሦስት ቀን ነው። ሁለቱን አሥራ አንድ ቀን ደምሬ እንዳላስብ እየታገልኩ ነው።

ታናሽ ልጅዎ

ከጫማ ሰፊው ቤት ወጥ ቤት፣ ጥቅምት 12 ቀን ረፋድ ላይ