አባቴን ጭሰኛ ያልኩበት ማመልከቻ

ይድረስ ለማከብርዎ አባቴ ለአቶ ኪዳነ ማርያም።

አባባ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎን የያዘዎ ቁርጥማት በጅማ ሙቀት ተሻለዎ ወይስ ባሰብዎ? የእማዬ ዓይንስ? ወንድሜ ገብረ ጻድቅ ከነቤተሰቡ እንዴት ሰንብቷል? እኔ የደብረ ብርሃን ብርድ ቢቆነጥጠኝም፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ሰውነቴ ደኅና ነው። ልቤ ግን ደኅና አይደለም።

ስድስት ቦታ አመልክቼ መልስ እንዳጣሁ ያውቃሉ። በሰኔ አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ እንደሚፈልግ ማስታወቂያ ለጠፈ። አብራኝ የምትኖረው ጓደኛዬ አልታየች፣ «አንቺ የምትጽፊው የራስሽን ቃል ነው፤ እነሱ የሚፈልጉት የራሳቸውን። ከማስታወቂያው እየለቀምሽ የሕይወት ታሪክሽ ውስጥ ክተቺው» አለችኝ። ለቀምኩ። «በዘመቻ የተሳተፈ» ይላል፤ በሰላ ድንጋይ ከተማ መሠረተ ትምህርት ማስተማሬን ጻፍኩ፤ ይሄ እውነት ነው። «የታይፕ ልምድ ያለው» ይላል፤ የሁለት ወር ትምህርቴን ሁለት ዓመት አልኩት። «ከጭቁኑ መደብ የወጣ» የሚለው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ሦስት ቀን አስቤ፣ «አባቴ በአንኮበር ጭሰኛ ነበሩ» ብዬ ጻፍኩ። እርስዎን፣ የቀያችን የጎረቤላ ሰው ተነሥቶ የሚያሳልፍዎን ባለርስት!

ለቃለ መጠይቅ ተጠራሁ። ከሦስቱ ጠያቂዎች አንዱ ወረቀቴን አነበበና፣ «የማን ጭሰኛ ነበሩ?» አለኝ። ቀና ብዬ ሳየው በቅንድቡ ጠባሳ ለየሁት። ወልደተንሣኤ ነው፤ ከወንዙ ማዶ ያለውን መሬታችንን ያርሱ የነበሩት ሰውዬ ልጅ። በልጅነታችን አብረን ውሃ ተራጭተናል። የሌላ ባለርስት ስም መጥራት እችል ነበር፤ እሱ ፊት ግን አልሆነልኝም። «አባቴ ጭሰኛ አልነበሩም። ጭሰኛው የእርስዎ አባት ነበሩ» አልኩት። ሌሎቹ ሁለት ጠያቂዎች ተያዩ። እሱ አልተቆጣም፤ እስክሪብቶውን ሰጠኝና ሐሰቱን በገዛ እጄ ሰረዝኩት።

ስወጣ እስከ በረንዳው ተከተለኝ። «አባትሽ በሐምሌ ዝናብ ከቤታችን ሲያስወጡን እናቴ የስድስት ቀን አራስ ነበረች። ሕፃኑ ደብረ ሲና ሳንደርስ ሞተ። ይህን ነግረውሽ ያውቃሉ?» አለኝ። ቢጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር፤ የተናገረው ግን በቀስታ ነው።

ከተቀጠሩት ውስጥ ስሜ አልወጣም። ለሱ አላለቅስም። ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት ስለ ውሸቴ ይቅርታ ልጠይቅዎ ነበር፤ አሁን ግን ሌላ ጥያቄ ቀደመብኝ። እውነት ነው ወይ አባባ? ያን ክረምት እኔ እዚህ የክረምት ትምህርት ላይ ነበርኩ። ስመለስ «አገር ለቀው ሄዱ» ብቻ አላችሁኝ። መልሱ ቢመርም ከእርስዎ ልስማው። የወልደተንሣኤ እናት እዚሁ ከተማ በሕይወት አሉ፤ ቤታቸውን ጠይቄ አውቄዋለሁ። እውነት ከሆነ፣ በእርስዎ ስም ሄጄ ምን እንደምላቸው ይጻፉልኝ።

እማዬን ጉልበቷን ይሳሙልኝ። ለገብረ ጻድቅ፣ ለባለቤቱ ለሸዋወርቅ፣ ለትንሿ ልጃቸውም ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። እርስዎንም፣ ምንም ቢሆን፣ እጅ ነሥቻለሁ።

ልጅዎ ይርጋለም
ደብረ ብርሃን፣ ነሐሴ ፫ ቀን ፲፱፻፸፫ ዓ.ም.