ሐኒ በቀይ ያከበበቻቸው ቀናት

ኅዳር 18
የአስረኛ ለ ፈተና አርሜ ጨረስኩ። ምሳ አልበላሁም። ቤት ስገባ ያው ሆነ... ስድስት ዳቦ በለውዝ ቅቤ፣ ቆሜ፣ በሩን ቆልፌ። ጾም አልፈታሁም፤ ዳቦ የጾም ነው! ከነገ ጀምሮ ሦስት ቀን ምንም አልቀምስም።

ኅዳር 19
መምህራን ክፍል ውስጥ «ትሩፋት እኮ ጾመኛ ናት» አሉ። አላረምኳቸውም። ደስም አለኝ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ታኅሣሥ 16
እንደገና። ስንት እንደበላሁ አልጽፍም። ሆዳም።

ጥር 5
ካውያ ልዋስ ጎረቤቴ ሐኒ ጋ ሄድኩ። አዋላጅ ነርስ ናት። ገንፎ ላቅርብልሽ ስትለኝ «ጾም ነኝ» አልኩ፤ የለመደ አፍ። እሷም ጾማለች። ረመዳን ገና አይደል?
«ቀዳ ነው። ባለፈው ረመዳን በወር አበባ ያለፉኝን ስድስት ቀን እየመለስኩ።»
ባሏ ሱለይማን እዚያው ተቀምጧል። ያፈርኩት እኔ ነኝ። የወር አበባዋን ቀኖች በቀይ አክብባ ካላንደሩን ግድግዳ ላይ ሰቅላለች።
«አንቺስ? ገና አልፏል፣ ዛሬ ማክሰኞ ነው። የምን ጾም ነው ወላሂ?»
ካውያውን ይዤ ወጣሁ።

ጥር 6
ይህን ደብተር ወደ ኋላ ገለጥኩ። ጥቅምት 20፣ ኅዳር 18፣ ታኅሣሥ 16... በየሃያ ስምንት ቀኑ። ሁሌም የወር አበባዬ ሊመጣ አራት አምስት ቀን ሲቀረው። የባዮሎጂ መምህርት ነኝ እኮ። ኤስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን ሰሌዳ ላይ ስስል ስድስት ዓመቴ!

ጥር 8
ሁሉንም ለሐኒ ነገርኳት። አልሳቀችም።
«አንዳንድ ሴት ላይ በዚያ ሳምንት ሆርሞኑ ሲለዋወጥ የመብላት ግፊቱ ይብሳል። እሱ ብቻ ግን አይደለም። ራስሽን እያስራብሽ አንቺም ታግዢዋለሽ።»
ሕመም ነው አለች፤ ይታከማል። አለቀስኩ። ይቺ ሴት ታስደንቀኛለች። እኔ የምሞትበትን እፍረት እሷ ግድግዳ ላይ ሰቅላ ትኖራለች። ማክሰኞ ሐኪም ጋ ልትወስደኝ ነው።

ጥር 14
ሃያ ስምንተኛው ቀን ደረሰ። ሐኪሙ «ምሳ እንዳትተዪ» ብሎኛል። ሐኒ ዛሬም ቀዳ ይዛለች፤ ግን በምሳ ሰዓት መጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።
«አንቺ ብዪ፣ እኔ አወራልሻለሁ።»
ውሃ እንኳ ሳትቀምስ፣ ሽሮዬ እየሸተታት፣ ትናንት መንታ ስለወለደችው ሴት አወራችልኝ። እንዲህ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም። ሰሃኑን ጨረስኩ።
አስር ሰዓት ላይ ግፊቱ መጣ። ከባድ ነበር። ተነስቼ እነሱ ቤት ሄድኩ። ስታፈጥር አብሬ ከቴምሩ ወሰድኩ፣ ከገንፎውም።
«ጨምሪ እንጂ፣ መምህርት» አለ ሱለይማን።
ጨመርኩ። ሰው እያየኝ ስጨምር የመጀመሪያዬ ነው።