ለሁለት የተቆረጠው ስም

መጋቢት 2

ዝናብ። ከተማችን ኪሱሙ ጭቃ በጭቃ ሆናለች። ከሥራ ስወጣ አባባ ጋ ገባሁ። ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ ጋዜጣውንም መልእክቱንም ስልኩ ነው የሚያነብለት። የስልኩ ሴትዮ በሉኦኛችን ስትንተባተብ ይስቅባታል።

"ይቺን ማን አስተማራት?" አለኝ።

ጡረታ ወጥቶም መምህር ነው...

መጋቢት 9

የአባባ አብሮ አደግ ኦንጌሬ ሞቶ ኖሮ፣ ቅዳሜ ተቀብሯል። አባባ አልነበረም!

መልእክቱ እኮ ደርሶታል። ሴትዮዋ ግን ስሙን ለሁለት ቆርጣ "ኦንግ... ኤሬ" ብላ አነበበችለት። ኤሬ ማለት ደግሞ በእኛ ቋንቋ "የታለ?" ነው። የማስታወቂያ ዝባዝንኬ መስሎት ሳያስጨርሳት ዘጋው።

ለኦንጌሬ ሚስት ምን ብሎ ያስረዳል?

መጋቢት 10

"ስልኩን ውሰጂልኝ" አለ። እጄ ላይ አስቀመጠው።

መጋቢት 12

የንባብ ፕሮግራሙ ክፍት ነው፤ ኮዱ ኢንተርኔት ላይ ተዘርግቷል፣ ማንም ገብቶ ያየዋል። በምሳ ሰዓት ገባሁ። ከፋይል ፋይል... አገኘሁት። ስማችንን በላቲን ፊደል ስንጽፍ በመሃሉ ከላይ የምናደርጋትን ትንሽ ጭረት የጥቅስ መዝጊያ ብሎ ይቆጥራታል። እዚያ ላይ ሲደርስ ቆም ይላል።

ከላይ ኮዱን የሠራው ኤርኪ የሚባል ፊንላንዳዊ ማስታወሻ ጽፏል፦ "ቋንቋውን አልችልም። ተሳስቼ ከሆነ እባካችሁ ንገሩኝ።"

ዓመታት አልፈዋል። የነገረው የለም።

መጋቢት 13

ለአባባ ነገርኩት።

"የሰው ጓዳ ማን አስገባሽ?"

"ክፍት ነው አባባ። ማንም ይገባል።"

"ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልገባሽም፣ አዴሮ?"

እኔ እኮ ኮድ እየጻፍኩ ነው የምኖረው። በሴትዮዋ ግን አብሬው እየሳቅኩ ነበር...

መጋቢት 17

እርማቱን ላክሁ። ኤርኪ ወዲያው መለሰ። አመሰገነ፤ ግን ስሙ በአፍ እንዴት እንደሚጠራ አያውቅም። "የሚናገር ሰው ታውቂያለሽ?"

የድምፅ መቅጃ አባባ ፊት አስቀመጥኩ። በጣቱ ዳበሰው። "ኦንጌሬ" አለ። ደገመው። ሦስተኛው ላይ ድምፁ ተሰበረ።

"ይሄኛውን አትላኪ" አለኝ።

መጋቢት 26

አዲሱ ፕሮግራም ወጣ። ስልኩ ላይ ጫንኩለት።

"ያንን መልእክት አንብቢው በያት።"

ሴትዮዋ አነበበች፦ "ኦንጌሬ አርፏል። ቀብሩ ቅዳሜ ነው።" አንዴም ሳትቆም።

አባባ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። "አሁን ሰማሁ" አለ። ያኔ ነው ያለቀሰው።

መጋቢት 27

አባባን ይዤ ኦንጌሬ ቤት ሄድኩ። የኦንጌሬ ሚስት በሩ ላይ ቆማ አላሳለፈችንም።

"አገር ሲቀብር የት ነበርክ?"

አባባ ስለ ስልኩ የሚያወራ መስሎኝ ነበር። አላወራም።

"ቀረሁ" አለ። "ዛሬ መጣሁ።"

ከበሩ ዘወር አለች። ከዚያ ክንዱን ይዛ ራሷ ወደ መቃብሩ ወሰደችው። እኔ አጥሩ ጋ ቀረሁ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። ሲመለሱ ግን ስለ ኦንጌሬ የድሮ ብስክሌት እየተከራከሩ ነበር።