ፈዲላ ከቁጥቋጦው ሥር አልነሳም አለች

ሙጂባዬ፣ አሰላሙ ዐለይኩም!

ፖስት ካርዱ ላይ የምታዪው ግሸን ነው፤ እኔ ያለሁት ግን ከማዶ፣ አምባሰል ተራራ ላይ፣ ሪያድ አብራኝ ትሠራ የነበረችው ፈዲላ ቤት ነው። እኛ ጋ ሐይቁ ዳር ምኑም ምኑም ይበቅላል። እዚህ ግን ከድንጋይ መሃል የሚወጣ፣ አበባው ቢጫ የሆነ ቁጥቋጦ አለ። ሰዎቹ ከዚህ ተራራ ሌላ የትም የለም ይላሉ። የፈዲላ ንቦች ማር የሚሠሩት ከእሱ ነው።

ዛሬ ጠዋት አጎቷ ሰዑድ መጥረቢያ ይዘው መጡ። ቁጥቋጦውን መንጥረው ባሕር ዛፍ ሊተክሉበት ነው። ፈዲላ ሄዳ ከሥሩ ቁጭ አለች።

«ተነሽ እንጂ! ቁጥቋጦ ነው እኮ!» አሏት።

«ወላሂ አልነሳም! ሰው አገር ተነሽ ስባል ስነሳ ኖሬያለሁ። አባቴ ካወረሰኝ መሬት ግን ማንም አያስነሳኝም።»

መጥረቢያውን ከፍ አደረጉት። እሷ ንቅንቅ አላለችም። እኔም ሄጄ ከጎኗ ተቀመጥኩ። ጎረቤቶቿ ሴቶችም እየመጡ አጠገባችን ቁጭ ቁጭ አሉ። አጎቷ ብዙ ቆመው አዩንና መጥረቢያውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ «ነገ እመለሳለሁ!» ብለው ሄዱ።

«ቁርስዎን ይዘው ይምጡ፤ እዚሁ ነኝ!» አለቻቸው።

ካርዱ አለቀብኝ። እናትሽን ሰላም በይልኝ፤ ትንሿን ሪታጅን ጉንጯን ሳሚልኝ። ነገ ልመጣ አስቤ ነበር፤ አትጠብቂኝ። ነገም እዚያው ቁጭ እንላለን።

ሒክማ