የተቃና ሚስማር

መጋቢት 12 ቀን 1977
ጻፊ አልኳት፣ የሺወርቅን። የልጄ ሚስት ናት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ አላፍርበትም። ያልኩትን ብቻ ጻፊ፣ አታሳምሪው።
ጧት ሎሪ መጣ። የሲሚንቶ ክዳን አራገፈ። ታይልስ ይሉታል እዚህ ሰው አገር። አንዱን አነሳሁት... ድንጋይ ነው። ልጄ ኣርኣያ ቆርቆሮውን አስነቅሎ በዚህ ሊያስከድን ነው። ምን አጠፋ ቆርቆሮው? አላፈሰሰ። "ኪሌሌሽዋ ሰፈር ውስጥ ቆርቆሮ ቤት የእኛ ብቻ ቀረ" ይላል።
"ቆርቆሮ ይነቀላል፣ ይታሰራል፣ ይጫናል። አገር ሰላም ሲሆን ይህን ድንጋይ ማን ተሸክሞት ይገባል?" አልኩት።
"አባባ፣ መቼ ነው የምንገባው?"
ጥያቄ ነው ይሄ? 

መጋቢት 14
ነቀሉት። ቆርቆሮውን ጓሮ ደረደርኩት፣ እንዳይዝግ ከሥሩ እንጨት አድርጌ። የጎበጠውን ሚስማር ሁሉ ድንጋይ ላይ አቃናሁ። ጣሪያ ሠሪውን እዚህ ፉንዲ ነው የሚሉት። የእኛው ፉንዲ ሙዘሚል ግን የሐረር ልጅ ነው። አየኝና ሳቀ።
"አባባ ወልደንኪኤል፣ ሱቅ ሊከፍቱ ነው?"
"ቤት ልሠራበት ነው። አገሬ።"
"እኔን ይጥሩኝ እንግዲህ።"
"አንተ ውድ ነህ።"

መጋቢት 17
ከላያችን ሸራ ብቻ። ነፋስ ሲመታው ይንጫጫል። እንቅልፍ የለም።

መጋቢት 20፣ ዓርብ
ኣርኣያ ለሥራ ሞምባሳ ወርዷል። ሙዘሚል ለጁምዓ መስጊድ ሄደ። ሲሄድ ለቀን ሠራተኞቹ፣ ግራና ቀኝ እኩል ጫኑ፣ ከባድ ነው፣ ብሏቸዋል። ሰምቻለሁ።
ግን እሑድ የማኅበር ሰዎች ይመጣሉ... ባዶ ጣሪያ ሊያዩ ነው? በእኛ አገር ቤት ሲከደን ፊቱ ይቀድማል። አላፊ አግዳሚው የሚያየው ፊቱን ነው፣ ጓሮው ይቆያል። "ሁሉንም በመንገዱ በኩል" አልኳቸው፣ በእጄ እያሳየሁ። ሽማግሌ እምቢ አይሉም። "ሳዋ ምዜ" አሉ፣ እሺ አባቴ እንደማለት። ደርዝ ይዞ ሲወጣ ያምር ነበር።
ሙዘሚል ሳይመለስ ክዳኑን የተሸከመው ወራጅ እንጨት ቋ አለ። አንዱ ተሰብሮ ሌላውን ጎተተ። ክዳኑ መኝታ ቤት ወረደ፣ አልጋው ላይ።
ከአልጋው ገና ማን ተነስቶ ነበር? አንቺው ጻፊው።
"ልብስ ላሰጣ ወጣሁ" አለች። 

መጋቢት 21
ሙዘሚል አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።
"ይሄ ቆርቆሮ አይደለም አባባ። ሁለቱ ወገን ካልተመዛዘነ እንጨቱ ያጋድላል።"
ዕድሜ ልኬን ቤት ሲከደን አይቻለሁ። ይሄን አላውቅም ነበር።
ከሰዓት ዝናብ ወረደ። ሸራው ተቀዷል። የሺወርቅ ፍራሿን ከጥግ ጥግ ትጎትታለች። ቆርቆሮው ጓሮ መኖሩን ታውቃለች። አንዴም ስጠኝ አላለችኝም... ምን ያህል ዝም ማለት ትችላለች ይቺ ልጅ?
"ሙዘሚል፣ ና ቆርቆሮ ውሰድ" አልኩ።
"ስንቱን?"
"ምን ስንቱን ትለኛለህ። አልብሰው ቤቱን።"

መጋቢት 22
የማኅበር ሰዎች መጡ። ታመነ፣ የእኔ እኩያ፣ ቀና ብሎ አየና፣ "ልጅህ ያወረደውን መልሰህ ሰቀልከው? አይ አንተ፣ መቼም አትሸነፍ" አለኝ።
"ጣሪያውን የሰበርኩት እኔ ነኝ" አልኩት።
ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

ሚያዝያ 8
ፋሲካ አለፈ። ሙዘሚል ወፍራም እንጨት አስገብቶ፣ የሲሚንቶውን ክዳን ግራና ቀኝ እያመዛዘነ ጨረሰው። ኣርኣያ ሁሉን ሰምቷል። አልወቀሰኝም።
ትናንት ዘነበ። ድምፅ የለም። መስኮት ድረስ ሄጄ አየሁ፣ ይወርዳል። የማይሰማ ዝናብ ምን ዝናብ ነው?
ቆርቆሮውን ለሙዘሚል ሰጠሁት። ኢስሊ ሰፈር ቤት መሥራት ጀምሯል። አንዷን ብቻ አስቀረሁ። ዛሬ ከክፍሌ በር በላይ ጥላ አድርጌ መታኋት፣ ባቃናሁት ሚስማር፣ በገዛ እጄ። የሺወርቅ መሰላሉን ያዘች።
ኣርኣያ መጥቶ ነቀነቃት። አልተነቃነቀችም።
"አባባ፣ ይሄ ሁሉ ሚስማር? አገር ስንገባ እንዴት እንነቅላታለን?"
"ማን ይነቅላታል?" አልኩት።
ደመናው መጥቷል። ይበቃል፣ እርሳሱን አስቀምጪ። ወንበሬን ከቆርቆሯ ሥር አውጪልኝ።