ጤነኛው ሰው

ይድረስ ለምወድሽ ለእትዬ፣

እንዴት ከረምሽልኝ? አባባስ እንዴት ነው? ከአልጋው እስከ በሩ አሁንም ግድግዳውን እየዳሰሰ ብቻውን ይሄዳል ወይስ ትከሻሽን ይፈልጋል? ባለፈው ስንደዋወል በወሬያችን መሃል ሁለቴ ውኃ ልጠጣ ብለሽ ስልኩን አስቀመጥሽው፤ ሙቀቱ ነው አልሽኝ። ስልክ ላይ አንቺም ደህና ነሽ፣ እኔም ደህና ነኝ። ለዚህ ነው ወረቀት ያነሳሁት። ብቻሽን ቁጭ ብለሽ አንብቢው፤ ለአባባ እንዳታነቢለት አደራ።

መጀመሪያ ውሸቴን ልናዘዝ። ምረቃው ተራዘመ ያልኩሽ ውሸት ነው። ጓደኞቼ ባለፈው መንፈቅ ጋውናቸውን ለብሰው ተመርቀው ሄደዋል። እኔ የዶርሙን መስኮት ዘግቼ ጭብጨባውን ሰማሁ። ባዮኬሚስትሪን ለመጨረስ የሚጠየቀው ሁሉ በትምህርት ክፍላችን በር ላይ ተለጥፏል፤ በቃሌ ልወጣልሽ እችላለሁ። መቶ አርባ ሁለት ክሬዲት፣ ኦርጋኒክና ፊዚካል ኬሚስትሪ ከሲ ሳያንሱ፣ የቤተ ሙከራ ኮርሶቹ አንድም ሳይቀሩ፣ የመመረቂያ ጥናት፣ ጥናቱን ሦስት ፈታኞች ፊት ቆሞ መከላከል፣ ከዚያ ደግሞ የግቢው ዕቃ እንዳልቀረብኝ የሚያረጋግጥ ያ የማያልቅ የክሊራንስ ፊርማ። እኔን ፊዚካል ኬሚስትሪ ጣለኝ፣ ጥናቱም ሳይጀመር ቀረ።

ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ይጥለኝ ነበር። ሰሌዳው ይደበዝዝብኛል። ፈተና ላይ ሽንት ቤት ለመሄድ ሦስቴ ባስፈቅድ ፈታኙ ወረቀት ደብቄ መስሎት ኪሴን በረበረኝ። አንቺም ያኔ ይሄ ስንፍና ነው፣ ልብ ግዛ ብለሽ ተቆጣሽኝ። አልፈርድብሽም። አንቺ የነርስ ትምህርትሽን የምትጀምሪው እኔ ጨርሼ አባባን ስረከብሽ ነው ብለን ተስማምተናል፤ እኔ በቆየሁ ቁጥር ተራሽን የምበላው እኔ ነኝ። ይሄን እያሰብኩ ነው እውነቱን መናገር ያቃተኝ።

ፊዚካል ኬሚስትሪን ዘንድሮ በስንት መከራ አለፍኩት። ብቸኝነቱ ግን ጉድ ነው እትዬ። ክፍላችን ውስጥ ስድስት አልጋ አለ፣ የአምስቱ ፍራሽ ተጠቅልሏል። አዲሶቹ ተማሪዎች አንቱ ይሉኛል። ከምግብ ቤቱ ሰልፍ ላይ ይቅርታ ከማለት በቀር ድምፄን ሳልሰማው የምውልበት ቀን ብዙ ነው።

ጥናቴ የስኳር ሕመምተኞችን ደም ከጤነኛ ሰው ደም ጋር ማወዳደር ነበር። ከሆስፒታል የአሥራ ሁለት ሕመምተኞች ናሙና ሰጡኝ። ለጤነኛው፣ በኛ ልማድ፣ ጓደኛ ለጓደኛ ክንዱን ይሰጣል። እኔ ማንን ልጠይቅ? ሰው ስላልነበረኝ የራሴን ሰጠሁ። ከራት ወዲያ ምንም ሳልቀምስ ጠዋት ሄጄ እማማ ፒፔት ቀዱልኝ። የቤተ ሙከራችን ኃላፊ ናቸው፤ አንዲት ፒፔት፣ ያቺ ቀጭን የመስታወት መምጠጫ፣ ከጎደለች የማንንም ክሊራንስ ስለማይፈርሙ ነው ይሄ ስም የወጣላቸው። ብልቃጧ ላይ በትልቁ ጤነኛ ሰው ብዬ ጻፍኩባት።

ውጤቱ ሲመጣ ጤነኛው ሰው ሕመምተኞቹ መሃል ቁጭ ብሏል፤ እንዲያውም ሰባቱን በስኳር መጠን ይበልጣቸዋል። መጀመሪያ ሳቅኩ። ኬሚካሉ ተበላሽቷል ብዬ አዲስ በጠበጥኩ። ማሽኑን ጠረጠርኩ፣ ውኃውን ጠረጠርኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ እየተቀዳሁ ደጋገምኩት፤ ያው ነው። አራት ዓመት ይሄንኑ የተማርኩ ሰው፣ ዕቃውን ሁሉ ጠርጥሬ ስጨርስ ራሴን አልጠረጠርኩም።

ጥናቱን ለመከላከል አሥር ቀን ሲቀረኝ ወረቀቱን ይዤ አማካሪዬ ዘንድ ገባሁ። አዩትና ጤነኛው ሰው ማን ነው ብለው ጠየቁኝ። እኔ ነኝ አልኳቸው። እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። ከዚያ ስለ ጥናቱ አንድም ነገር አላነሱም፤ በቀን ስንት ጊዜ ውኃ እንደምጠጣ፣ ሱሪዬ ሰፍቶኝ እንደሆነ፣ ከቤተሰብ ያለበት ሰው እንዳለ ነው የጠየቁኝ። አባባ አልኩ። ዓይኑን እንዳጣበትም ነገርኳቸው። ጤነኛ ሰው የሚለውን ሰርዘው አሥራ ሦስት ብለው ጻፉና ሆስፒታል ድረስ አብረውኝ ሄዱ።

እማማ ፒፔት ይሄን ሲሰሙ ሳልጠይቃቸው በማግስቱ በባዶ ሆዳቸው መጡ። እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን ዘረጉልኝና፣ አምና የሰበርኳትን የመስታወት መለኪያ ሲሊንደር ግን በዚህ እንዳልማሩኝ አስጠነቀቁኝ። አንጀቴን በሉት። ሳቁም ልቅሶውም አንድ ላይ መጣብኝ፤ ሰው ስሜን ጠርቶ ከተቆጣኝ ስንት ጊዜዬ!

ሰኞ ተከላክዬ አለፍኩ። እንግዲህ የቀረኝ የሲሊንደሯ ፊርማ ብቻ ነው። የሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ እቤት ነኝ፤ አባባን እረከብሻለሁ፣ አንቺም ልብስሽን ሸክፊ። ለመርፌው አታስቢ። ድሮ አባባን ስወጋው እጄ እየተንቀጠቀጠ የምትስቂብኝ ትዝ ይልሻል? አሁን አይንቀጠቀጥም፣ በየጠዋቱ በራሴ ላይ እየተለማመድኩ ነው።

አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ። ይሄ ወረቀት በደረሰሽ ማግስት ጠዋት፣ ምንም ሳትቀምሺ፣ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ክንድሽን ስጫቸው። ደህና ነኝ አትበይኝ። ሙቀቱ ነውም አትበይኝ።

አንቺን ክፉ አይንካብኝ፣ ለአባባ ዕድሜ ይስጥልን፤ በደህና ያገናኘን።

ተራው የደረሰው ወንድምሽ