ከላይ የተጫነ ማር

ታኅሣሥ 3 ቀን 1996

...ከዚያ መርከቡ ሄደ። ሁልጊዜ ይሄዳል። እኔ ጅቡቲ ወደብ እቀራለሁ። ቢሮ ተቀምጬ የትኛው ኮንቴይነር በየትኛው ላይ እንደሚጫን በወረቀት እሥላለሁ። ከባዱ ከታች። ቀድሞ የሚራገፈው ከላይ። ሁለቱ ሲጋጩስ? ክብደቱ ይቀድማል። ባሕሩ ሲናወጥ ግን እኔ አልጋዬ ላይ ነኝ።

ለዕረፍት ቦንጋ ከመጣሁ ሳምንት ሊሆነኝ ነው። እህቴ ሀኪማ ቤት። ዝናብ።

ታኅሣሥ 5

የሀኪማ ባል ሱሩር በጭነት መኪናው ቡናና ማር ሊልክ ነው። ማሩ ጅማ ይራገፋል፤ ቡናው አዲስ አበባ። ስለዚህ የማሩን በርሜሎች ከቡናው ጆንያ በላይ አስጫናቸው።

«መኪናውን ይገለብጠዋል» አልኩት። «የጎጀብ ቁልቁለት፣ ያ ሁሉ ኩርባ...»

«በርሜሎቹን ከኋላ በኩል ልደርድራቸዋ?»

«የመኪናው ፊት ይቀላል። መሪው አይታዘዝም። በርሜሉን ከታች፣ ቡናውን ከላይ።»

«ጅማ ላይ ቡናውን አውርጄ መልሼ ልጭን? ካሊዶ፣ ይሄ አይሱዙ ነው። ቦንጋ ባሕር የላትም!»

የሚጭኑት ወዛደሮች ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ለምን?

ታኅሣሥ 6

ማር የረጋ ይመስላል። በርሜሉ ሲያዘነብል ግን ቀስ ብሎ ይከተላል...

ሾፌሩ ሉቅማን ጎማውን በእግሩ እየመታ ጠየቀኝ።

«ጋሽ ካሊድ፣ እርስዎ በዚህ ጭነት ይሳፈራሉ?»

«እንዲህ እንደተጫነ? አልሳፈርም።»

«እንዳሉት ቢጫንስ?»

 እኔ ባቀድኩት ጭነት አንድ ቀን ተሳፍሬ አላውቅም። አልነገርኩትም።

ታኅሣሥ 7

ሉቅማን ቁልፉን ለሱሩር መለሰለት። «ካልተስተካከለ አልነዳም።» ሱሩር ጮኸ። ሀኪማ ከውስጥ፣ «እሺ፣ አንተው ንዳዋ!» አለችው። ወዛደሮቹን «አውርዱት» አላቸው።

ከሰዓት በኋላ ጭነቱ ሁሉ ወረደ። እኔ ሣልኩ፣ እነሱ ጫኑ። በርሜሎቹ መሃል ላይ፣ ከወለሉ፣ በሽብልቅ ተይዘው። ገመዱን ሳብኩት። ደግሜ ሳብኩት። ይበቃል? ወረቀት ላይ ይበቃል።

ታኅሣሥ 8

ጉም። መንገዱ ረጥቧል። ሱሩር አኩርፏል።

ሀኪማ፣ «ደግሞ አንተ ወዴት ነው?» አለችኝ። ጃኬቴን ደረብኩ። ምሳ ቋጥራ ሰጠችኝ።

ይህን ጉልበቴ ላይ ነው የምጽፈው። ጋቢናው ጠባብ ነው። ሞተሩ ተነሥቷል።

«ጠበቅ አድርገው ይሳቡት ጋሽ ካሊድ፣ አይገጥምም» አለኝ ሉቅማን።

በሩን ዘጋሁት።